ከጥዱ አጠገብ ያለው ሽንኩርት ለምን ሻገተ? ጥዱስ ይቆረጥ?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ሐረር፣ ከሀኪም ተራራ ግርጌ ነው። በግቢዬ ምሥራቃዊ ወሰን ከሰሜን ወደ ደቡብ የተደረደረ የፈረንጅ ጥድ አጥር አለኝ፤ ቁመቱ 5 ሜትር ይሆናል። ከአጥሩ 2 ሜትር ያህል ርቄ በ200 ካሬ ሜትር ላይ ሐምሌ መጀመሪያ ቀይ ሽንኩርት ተክያለሁ። ጥዱ ከበጋው መጨረሻ ጀምሮ ከውስጥ ወደ ውጪ ቡናማ እየሆነ ይደርቃል፤ ቅርንጫፉን ጥቁር ጥላሸት ሸፍኖታል። ሽንኩርቱ ደግሞ መስከረም ከገባ ወዲህ ቅጠሉ ላይ ግራጫ ሻጋታ እያወጣ ይታጠፋል፤ ለጥዱ የቀረበው ይብሳል። ጎረቤቶቼ በሽታው ከጥዱ እየረገፈ ነው፣ ቁረጠው ይሉኛል። ከመድኃኒት መሸጫ የሻጋታ መድኃኒት ብዬ ጠይቄ ቲልት ተሰጠኝ፤ ሁለቱንም ረጨሁ፣ ለውጥ የለም። በሽታው አንድ ነው ሁለት? ጥዱን ልቁረጠው? ሽንኩርቱስ ይተርፋል? ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ጫት አለ።»

ችግሩ ሁለት ነው። ጥዱን ያደረቀው ባሉት ምልክቶች ነፍሳት ነው፤ ሽንኩርቱን የያዘው ዳውኒ ሚልዲው ነው። ከጥዱ ወደ ሽንኩርቱ የሚረግፍ በሽታ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ስለዚህ ጥዱን በዚህ ምክንያት አይቁረጡ። ይሁን እንጂ ጎረቤቶችዎ ያዩት ነገር ትክክል ነው፦ ለጥዱ የቀረበው መስመር የባሰ የታመመው በአጋጣሚ አይደለም። ከጥዱ የመጣበት በሽታ ሳይሆን ጥላ ነው። መፍትሔውም ከመጥረቢያ ይልቅ በመግረዣ መቀስና በመትከያ ርቀት ውስጥ ነው ያለው።

መጀመሪያ ስለ ሻጋታው። ዳውኒ ሚልዲው ሻጋታ ቢመስልም በትክክለኛው ምደባ ፈንገስ አይደለም። ኦማይሲት ከሚባሉት ረቂቅ ሕዋሳት ወገን ነው፤ ዝምድናው ከእንጉዳይ ይልቅ ከቡናማ የባሕር አልጌዎች ጋር ይቀራረባል። በሐረርጌ ደጋ ድንች ያመረተ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የድንች ምች የዚሁ ወገን ነው፤ ሁለቱም ቅዝቃዜና ጤዛ ባለበት ሌሊት የሚበረቱት በዚህ ዝምድና ምክንያት ነው። በሽንኩርት ላይ የሚመጣው ዝርያ ፔሮኖስፖራ ዴስትራክተር ይባላል። በቅጠሉ የመተንፈሻ ቀዳዳ ይገባል፣ በሕዋሳት መካከል እየተሳበ ምግብ የሚመጥበትን ጣት ወደ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ያስገባል፣ ሲበስል በዚያው ቀዳዳ ወጥቶ ዘሩን በአየር ላይ ይለቃል። ጠዋት የሚያዩት ግራጫ ወይም ፈዛዛ ሐምራዊ ፀጉር ይህ የዘር ተሸካሚው ነው።

ከዚህ ውስጥ ለእርስዎ ጥያቄ ወሳኙ ነገር «ሕያው ሕዋስ» የሚለው ነው። ይህ ተውሳክ በደረቀ ቅጠል ወይም በሞተ እንጨት ላይ አይመገብም፤ የሚያድገው በሕያው የሽንኩርት ወገን ላይ ብቻ ነው። የጎመን ዳውኒ ሚልዲው ሌላ ነው፣ የወይኑም ሌላ፣ የሰላጣውም ሌላ፤ ሁሉም በየሚያጠቁት ተክል የታሰሩ ናቸው። ጥድ ደግሞ አበባ ከሚያብቡት ዕፅዋት ወገን እንኳ አይደለም። ዘሩን በኮን ውስጥ ይዞ የሚኖር፣ ቅጠሉ ወደ ጥቃቅን ቅርፊት የተለወጠና በሰምና በሙጫ የተሸፈነ ዛፍ ነው። የዳውኒ ሚልዲው ዘር በነፋስ ተጉዞ ጥዱ ላይ ቢያርፍ እንኳ ጠዋት ፀሐይ ስትመታው ደርቆ ይሞታል እንጂ አይበቅልም።

ጥርጣሬው ግን ከባዶ የተነሣ አይደለም። በሌላ አገር ጥድና ሰብል በአንድ በሽታ የሚቀባበሉበት ሁኔታ አለ፦ ጂምኖስፖራንጂየም የሚባል የዋግ ዓይነት ግማሽ ዕድሜውን በጥድ ወገን ላይ፣ ግማሹን በፖም ወይም በመሰሎቹ ላይ ያሳልፋል፤ በዚያ ጊዜ ጥዱን ከፖም ማራቅ ትርጉም አለው። ያ ግን ዋግ ነው፣ ከሽንኩርትም ጋር ግንኙነት የለውም። ከኦማይሲቶች መካከልም የጥድን ሥር የሚያበሰብሱና በችግኝ ጣቢያ ቡቃያውን ከአፈሩ ላይ የሚያጋድሙ አሉ፤ ፊቶፍቶራና ፒቲየም ይባላሉ። እነሱም ቢሆኑ ዳውኒ ሚልዲው አይደሉም፤ ውሃ በሚያቁር አፈር ውስጥ ሥርን ያጠቃሉ እንጂ የሽንኩርት ቅጠል ላይ ግራጫ ፀጉር አያወጡም።

ቲልት ያልሠራበት ምክንያት አሁን ግልጽ ይሆናል። በውስጡ ያለው ፕሮፒኮናዞል የሚገድለው እውነተኛ ፈንገሶችን ነው፤ የሚያጠቃውም ኤርጎስቴሮል የሚባለውን የሕዋስ ሽፋን ንጥረ ነገር አሠራር ነው። የዳውኒ ሚልዲው ወገን ኤርጎስቴሮልን ራሱ አይሠራም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የሚመታው ዒላማ የለውም። ለስንዴ ዋግ ጥሩ የሆነው መድኃኒት እዚህ ውሃ ከመርጨት አይሻልም። ካርቤንዳዚምና ድኝም እንደዚሁ ናቸው፦ ድኝ በቅጠል ላይ ዱቄት የሚመስለውን ፓውደሪ ሚልዲው ይመታል፣ ዳውኒውን አይነካም። ጥዱ ላይ ደግሞ ነፍሳት እያለ የፈንገስ መድኃኒት መርጨት ከመጀመሪያውም አይጠቅምም። መሸጫው ጋ ሲሄዱ «የሻጋታ መድኃኒት» አይበሉ። የበሽታውን ስም ተናግረው፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ንጥረ ነገር አንብበው ይግዙ።

ምርመራውን ግን በራስዎ እጅ ያረጋግጡ፤ ቀላል ነው። ለሽንኩርቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጤዛው ሳይነሣ፣ ፈዘዝ ያለ ሞላላ ነጠብጣብ ያለበትን ቅጠል ይፈልጉ። ግራጫ ወይም ሐምራዊ ፀጉር ካለውና በጣት ሲታሽ ከለቀቀ ዳውኒ ሚልዲው ነው። ፀጉሩ ካልታየ ነጠብጣብ ያለበትን አረንጓዴ ቅጠል ቆርጠው እርጥብ ወረቀት ባለበት ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስረው ሌሊቱን ቀዝቃዛ ቦታ ያሳድሩት፤ በማግስቱ ፀጉሩ ይወጣል። ነጠብጣቡ መሐሉ ሐምራዊ፣ ዙሪያው ቢጫ፣ ክብ ቀለበቶች የተደራረቡበት ከሆነ ሌላ በሽታ ነው፦ አልተርናሪያ የሚያመጣው ሐምራዊ ጠባሳ። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ዳውኒው ያቆሰለውን ቦታ አልተርናሪያው ወይም ስቴምፊሊየም የሚባለው ፈንገስ ይወርሰውና ቅጠሉ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ያረጀውን ጥቁር ጠባሳ ሳይሆን አዲሱን ፈዛዛ ነጠብጣብ ይመርምሩ።

ለጥዱ ደግሞ ከደረቀው ክፍል ጎን ያለውን ገና አረንጓዴ የሆነ ቅርንጫፍ ይምረጡ። ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ቅርንጫፉን በዱላ ይምቱት። ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ፣ ቡናማ ወደ ጥቁር የሚያደሉ፣ ዘገምተኛ ነፍሳት ከረገፉ የጥድ ክሽክሽ ነው። ቅጠሉ ላይ ሳይሆን በቅርንጫፉ እንጨት ላይ በመንጋ ተጣብቀው ስለሚቀመጡ ሰው አያያቸውም። ሌሎች ምልክቶቹ ቅርንጫፉ መጣበቁና ጉንዳን መመላለሱ ናቸው። ክሽክሹ የዛፉን ፈሳሽ መጥጦ የተረፈውን ስኳር ያንጠባጥባል፤ ጥቁሩ ጥላሸት በዚያ ስኳር ላይ የበቀለ ፈንገስ ነው። ጥላሸቱ ወደ ቅጠሉ ውስጥ አይገባም፣ በውሃ ይታጠባል፣ ዛፉንም እሱ አላደረቀውም። ያደረቀው ክሽክሹ ሲመጥ የሚያስገባው ምራቅ ነው፤ ለጥዱ መርዝ ስለሚሆን ነፍሳቱ ከጠፋ በኋላ እንኳ ቅርንጫፉ መድረቁን ይቀጥላል። በዝናብ ወራት መንጋው ስለሚታጠብ አሁን ጥቂት ብቻ ሊያገኙ ይችላሉ፤ የሚያዩት ጉዳት የበጋው ውጤት ነው።

ይህ ተባይ በአፍሪካ መጤ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ማላዊ ውስጥ ታየ፣ በ1990 ኬንያ ደረሰ፣ ከዚያም ወደ እኛ አገር ዘለቀ። የፈረንጅ ጥድ መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ስለሆነ ለክሽክሹ የሚበረታ መከላከያ አላዳበረም። የሐበሻ ጥድም ሊጠቃ ይችላልና በግቢው ውስጥ ካለ አብረው ይመርምሩት። ሁለቱን በፍሬያቸው መለየት ይቻላል፦ የፈረንጁ ፍሬ ክብ፣ እንጨታማ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ነው፤ የሐበሻው ትንሽ፣ ሥጋ ያለው፣ ሲበስል ሰማያዊ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው።

በጨርቁ ላይ ምንም ካልረገፈ፣ መጣበቅም ከሌለ፣ ግንዱንና ቅርንጫፉን ይመልከቱ። ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ሙጫ የሚያነባ ከሆነ፣ ከስንጥቁ በላይ ያለው ብቻ ከደረቀ፣ ሴይሪዲየም የሚባል ፈንገስ የሚያመጣው የግንድ ቁስል ነው። ኬንያ ውስጥ ማክሮካርፓ የተባለውን የጥድ ዝርያ ከተከላ ያስወጣው ይህ በሽታ ነው። በመድኃኒት አይድንም፤ የታመመውን ቅርንጫፍ ከቁስሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቆርጦ ማቃጠል ብቻ ነው መላው፣ መቀሱንም ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሄዱ በአልኮል ወይም በበረኪና መጥረግ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጥላው። የሽንኩርት ዳውኒ ሚልዲው ዘሩን የሚያበቅለው ሌሊት፣ አየሩ በእርጥበት ሲጠግብ ነው። ጠዋት አየሩ መድረቅ ሲጀምር ዘሩ ይለቀቃል፤ ሌላ ቅጠል ላይ ካረፈ ለመብቀል ለጥቂት ሰዓታት በማያቋርጥ ሁኔታ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ያለው ሙቀት ይስማማዋል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ይዳከማል። ስለዚህ ጠዋት ጤዛው የሚነሣበት ሰዓት የሽንኩርቱን ዕጣ ይወስናል። ጤዛው ቶሎ ከተነሣ በዚያው ጠዋት የተለቀቀው ዘር ሳይበቅል ይደርቃል፤ ከቆየ ይበቅላል።

አጥርዎ ምሥራቅ ላይ ነው፣ ቁመቱም 5 ሜትር። በመስከረም ሐረር ላይ ፀሐይ ከወጣች በኋላ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ትወጣለች። ከአጥሩ 2 ሜትር የራቀው የመጀመሪያው መስመር ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኘው ወደ 4 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው፤ 6 ሜትር የራቀው ወደ 2 ሰዓት ከ45። አጥሩ ወደ 2.5 ሜትር ቢወርድ የመጀመሪያው መስመር 3 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ስድስተኛው ሜትር 1 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ያገኛል። ከዚህ በላይ ጥቅጥቅ ያለው አጥር ነፋሱንም ስለሚያግደው ከጥዱ አጠገብ ያለው አየር ሳይንቀሳቀስ ይውላል። ለጥዱ የቀረበው ሽንኩርት የባሰ የታመመው ለዚህ ነው። በሽታው ራሱ የመጣው ከጎረቤት ሽንኩርት በነፋስ፣ ከተከሉት ችግኝ ወይም ኮረት (የሽንኩርቱ ራስ)፣ አለዚያም ካለፈው ዓመት በማሳው ከቀረ ቅሪት ነው፤ አጥሩ የሠራው ሥራ ለመጣው እንግዳ እርጥብ አልጋ ማንጠፍ ነው።

እግረ መንገድ ለድሬዳዋ አንባቢዎች፦ ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። በድሬዳዋ ቆላ ቀንም ሌሊትም ስለሚሞቅ ይህ በሽታ ብዙ አያሠጋም፤ እዚያ ሽንኩርት ቅጠሉ ብርማ ሆኖ ከነጣና ከተጠማዘዘ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ነፍሳት ነው። የፈረንጅ ጥድም ለዚያ ሙቀት አይሆንም፤ ለጥላና ለአጥር ኒም ይሻላል። የሐረርን ምክር እንዳለ ወደ ድሬዳዋ አይውሰዱ።

ለጥዱ የሚደረገው እንዲህ ነው። የዝናቡ ወቅት አልፎ ደረቅ ቀናት ሲገቡ የደረቀውን ቅርንጫፍ በሙሉ ከግንዱ አጠገብ ቆርጠው ያውጡ። የፈረንጅ ጥድ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት ዳግም አያቆጠቁጥም፤ ስለዚህ ቡናማ የሆነው ክፍል «ይመለሳል» ተብሎ መተው ትርፉ ለክሽክሹ መሸሸጊያ መስጠት ነው። በዚሁ ምክንያት ከላይ ሲቀንሱ አረንጓዴ የጎን ቅርንጫፍ ካለበት በላይ ብቻ ይቁረጡ፤ እዚያው ላይ አረንጓዴ ከሌለ ያ ዛፍ ባዶ ጉቶ ሆኖ ይቀራል። ቁመቱን ከ5 ወደ 2.5 ሜትር በአንድ ጊዜ አያውርዱ። በዚህ ዓመት ወደ 3.5፣ በሚቀጥለው ወደ 2.5 ይሁን። የታችኛውን ከመሬት እስከ 1 ሜትር ያለውን ቅርንጫፍ አንሥተው ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ያድርጉ። የተቆረጠው በማሳው ላይ አይከማች፤ ክሽክሽ ያለበት ቅርንጫፍ በዚያው ቀን ይቃጠል።

ክሽክሹ በበጋ ሲመለስ የመጀመሪያው መሣሪያ ውሃ ነው። የውሃ ጎማ ካለዎት በጠንካራ ግፊት ከውስጥ ወደ ውጪ ቅርንጫፉን ይጠቡት፤ የረገፈው አብዛኛው ተመልሶ አይወጣም። ውሃ በሚያጥርበት ጊዜ ፈሳሽ ሳሙና በሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር በጥብጠው ነፍሳቱ ባሉበት እንጨት ላይ ይርጩ። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፣ ሲደርቅ ኃይል የለውም፤ ስለዚህ በሳምንቱ ይደገማል። መጀመሪያ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክረው ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ አንዳንድ ጥድ በሳሙና ይቃጠላል፣ በቀትር ፀሐይም መርጨት የለበትም። ጥገኛ ተርቦችና ጢንዚዛዎች ክሽክሹን ስለሚበሉ ጠንካራ ፀረ ተባይ እነሱንም ይጨርሳል።

እዚህ ላይ በጥብቅ የምለው ነገር አለ። ከአጥሩ ማዶ ጫት ስላለ በጥዱ ላይ በዛፉ ውስጥ የሚሰራጭም ሆነ ሌላ ጠንካራ ፀረ ተባይ አይርጩ። ጫት ቅጠሉ እንደተቀጠፈ፣ ብዙ ጊዜ ሳይታጠብ፣ በጥሬው ይቃማል። ከ5 ሜትር ከፍታ የሚረጭ መድኃኒት በቀላል ነፋስ ብዙ ሜትር ይሄዳል። ለጥድ የተፈቀደ የመቆያ ቀን (ከርጭት በኋላ መጠበቅ ያለበት ጊዜ) ለጫት አይሠራም፤ ጎረቤትዎም መቼ እንደሚቀጥፍ አያውቁም። አንድ አጥር ለማዳን የሰው ጤና አደጋ ላይ አይጣልም። የሽንኩርቱንም መድኃኒት ሲረጩ አየሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ አፈ መርጫውን ወደ መሬት አውርደው ይርጩ።

ወደ ሽንኩርቱ። ሐምሌ መጀመሪያ ተክለው አሁን መስከረም ከሆነ ኮረት መያዝ ጀምሯል ማለት ነው። የሞተው ቅጠል አይመለስም፤ የምናድነው የቀረውንና አዲስ የሚወጣውን ነው። በሽታው ዘሩ ካረፈ በኋላ ሳይታይ ከ10 እስከ 16 ቀን ውስጥ ለውስጥ ስለሚቆይ ከረጩ በኋላም ለአንድ ሳምንት አዲስ ነጠብጣብ ቢያዩ መድኃኒቱ ከሽፏል ብለው አይደምድሙ። በመጀመሪያ ለጥዱ የቀረቡትን፣ ቅጠላቸው ከግማሽ በላይ የወደቀባቸውን መስመሮች ነቅለው ያውጡ። የያዙትን ትንሽ ኮረት ቤት ውስጥ ይጠቀሙበት። ቅጠሉን ግን ከማሳው አውጥተው ይቅበሩ፤ ይህን ሥራ ጤዛ ባለበት ሰዓት አይሥሩ፣ ዘሩን በልብስዎ ይዘው ወደ ጤነኛው መስመር ይሄዳሉና።

ለቀረው የሚረጨው ሜታላክሲል ኤምና ማንኮዜብ የተቀላቀለበት መድኃኒት ነው፤ በገበያ ሪዶሚል ጎልድ በሚለው ስም ይታወቃል፣ ለድንች ምች የሚገዛው ነው። ሜታላክሲሉ ወደ ቅጠሉ ገብቶ ውስጥ ያለውን ይመታል፣ ማንኮዜቡ ላዩን ይጠብቃል። ማሸጊያው ለሽንኩርት በሄክታር 2.5 ኪሎ የሚል ከሆነ ለ200 ካሬ ሜትር 50 ግራም ይደርሳል፤ በ10 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። በቁና ወይም በቆርቆሮ ግምት አይለኩ፤ የወርቅ ወይም የቅመም ሚዛን ያለው ሱቅ 50 ግራሙን አንድ ጊዜ ይመዝንልዎ። ዱቄቱን በትንሽ ውሃ አቅጥነው፣ መርጫውን እስከ ግማሽ ሞልተው ይጨምሩ፣ ከዚያ ቀሪውን ውሃ ይሙሉ።

የሽንኩርት ቅጠል ሰም ስላለው ጠብታው ተንሸራትቶ አፈር ላይ ይወድቃል። ብዙ ሰው መድኃኒቱ ደካማ ነው የሚለው ለዚህ ነው፤ የደረሰው መሬት ላይ ነው። ከመድኃኒቱ ጋር የሚሸጠውን ማጣበቂያ በመለያው መጠን ይጨምሩ፣ አፈ መርጫው ደቃቅ ጉም የሚያወጣ ይሁን፣ ቅጠሉን ከሁለቱም ጎን ያርጥቡ። ጤዛው ከተነሣ በኋላ ወይም ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ይርጩ፤ ከማታው ጤዛ በፊት መድረቅ አለበት። ጓንት፣ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ረጅም ልብስ ግዴታ ነው።

ሁለተኛውን ርጭት ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይድገሙ፤ ከዚያ ያቁሙ። ሜታላክሲልን በአንድ ወቅት ከሁለት ጊዜ በላይ መርጨት የሚተርፈው ተውሳክ መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል፤ ይህ በዚህ ወገን ላይ በብዙ አገር የታየ ነው። በመካከልና በኋላ ሰማዩ ከደመነ ማንኮዜብን ብቻ በየ7 እስከ 10 ቀን ይጠቀሙ። ማንኮዜብ ውስጥ የገባውን አያድንም፣ ከመግባቱ በፊት ቅጠሉን ሲሸፍን ነው የሚሠራው፤ ዝናብም ያጥበዋል። ከመጨረሻው ርጭት እስከ ምርት ያለውን የመቆያ ቀን ማሸጊያው ላይ ያንብቡና ይቁጠሩ። የተረጨ ሽንኩርት ቅጠሉ እስከዚያው ለወጥም ለገበያም አይቀጠፍ።

ውሃ ጠዋት በቦይ ያጠጡ፤ ማታ በላይ ማርከፍከፍ የዚህን በሽታ ሌሊት ማስረዘም ነው። ኮረቱ ካበጠ በኋላ ዩሪያ አይጨምሩ፤ ቅጠሉን ያለሰልሰዋል፣ አንገቱንም ያወፍረዋል፣ ከዚያ ቶሎ አይደርቅም።

የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ ላስረዳዎት። አየሩ ከደረቀና ጥላው ከተነሣ ከአጥሩ የራቀው ማሳ ኮረቱን ይጨርሳል፣ ምናልባት አነስ ያለ መጠን። ለጥዱ የቀረቡት ሁለት ሦስት መስመሮች ጠፍተዋል፤ በእነሱ ላይ መድኃኒት አያባክኑ። ምርቱን ሲያነሡ አንገቱ ወፍራም የሆነውንና ለስላሳውን ለይተው መጀመሪያ ይጠቀሙበት፤ ተውሳኩ ኮረቱ ውስጥ ገብቶ ሊቆይ ስለሚችል በጎተራ ቶሎ ያቆጠቁጣል። ከዚህ ማሳ አንድም ኮረት ለዘር አያስቀሩ፣ ለጎረቤትም ለዘር አይስጡ። በሐረርጌ ከኮረት የሚተከለው የሽንኩርት ዓይነት ብዙ ስለሆነ በሽታው ከዓመት ዓመት የሚሻገርበት ትልቁ መንገድ ይህ ነው።

በዚያ መሬት ላይ ለ3 ወይም 4 ዓመት ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ባሮ ሽንኩርት አይትከሉ፤ ተውሳኩ ወፍራም ግድግዳ ባለው ዘር ሆኖ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን ይሆናሉ። ለአጥሩ የቀረበውን 4 ሜትር ለምንጊዜውም ለሽንኩርት አያውሉት፤ የጥዱ ሥር ውሃውንም ይሻማል። ሽንኩርት በሌላ ቦታ ሲተክሉ በመደቡ ላይ በመስመሮች መካከል 20፣ በተክሎች መካከል 10 ሴንቲ ሜትር፣ በመደቦች መካከል 40 ሴንቲ ሜትር የቦይ ቦታ ይተዉ፤ መስመሩም ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ይሁን።

ጥዱን መቁረጥ ትክክል የሚሆነው በሁለት ሁኔታ ነው፦ የግንድ ቁስሉ ዋናውን ግንድ ከዞረው፣ ወይም ከደረቀው ቅርንጫፍ መውጣት በኋላ ከአጥሩ ቁመት ከግማሽ በታች ብቻ አረንጓዴ ከቀረ። ለዚህ ውሳኔ እስከ ሚያዝያ ይጠብቁ፤ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር በጎን አዲስ አረንጓዴ ያላወጣው ዛፍ ከዚያ በኋላም አያወጣም። የትኛው እንደሆነ ካልለዩ ከመቁረጥዎ በፊት አንድ የታመመ ቅርንጫፍና ጥቂት የሽንኩርት ቅጠል በየራሱ ወረቀት ጠቅልለው፣ በፕላስቲክ ሳያፍኑ፣ በዚያው ቀን ለወረዳው የግብርና ባለሙያ ወይም ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ባለሙያዎች ይውሰዱ። ከተቆረጠ የምትተኩት ዛፍ ጥድ አይሁን፤ ክሽክሹ ያለበት አካባቢ ነውና። በምሥራቅ በኩል ከ2 ሜትር በላይ የማያድግ ተክል፣ ቢያንስ ከሽንኩርቱ 5 ሜትር ርቀት ላይ ይትከሉ።